ሁለት ኪራይ ያለው ቤት

ከጡረታችን ቆጥበን፣ ልጆቻችን ከአሜሪካና ከዓረብ አገር በላኩልን ላይ ጨምረን፣ ሰርቪስ ሠርተን ወይም ኮንዶሚኒየም ይዘን የምናከራይ አዛውንት በአዲስ አበባ በየሰፈሩ በዝተናል። ዕድር ላይ ስንገናኝ የምንጠያየቀው «ያንተ ቤት ስንት ገባ?» እያልን ነው። እኔ ግን ዛሬ ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ውላችሁ ላይ የተጻፈው ኪራይና እጃችሁ የሚገባው ገንዘብ አንድ ነው?

የእኔ አንድ አልነበረም። ደላላው «ሁሉም የሚያደርገው ነው» ሲለኝ፣ ግብሩ ይቀልልኛል ብዬ የኪራዩን ግማሽ ብቻ አስጻፍሁ። ሌላው ግማሽ በእጅ ሊሰጠኝ ተስማማን። ተከራዩ ዓመት ያህል እንደ ቃሉ ከፈለ። ኋላ በውሃ መስመር ጥገና ተጣላን። በቀጣዩ ወር የከፈለኝ ውሉ ላይ ያለውን ብቻ ነበር። ማንን ልክሰስ? የፈረምሁት እኔ ነኝ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የጽሑፍ ውል በፈረሙት ሰዎች መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው፤ በሰው ምስክር አይፈርስም። ልከራከር ብል እንኳ ግብር መደበቄን በገዛ አፌ ልናገር ነው። ዝም አልሁ። ያጣሁት ገንዘብ አይደለም የሚቆጨኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ልጆቼ ፊት ሐሰተኛ ወረቀት ይዤ መገኘቴ ነው።

ዛሬ እንዲህ ያለው ጥፋት የባሰ መዘዝ አለው። በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ብቻ ነው። እንግዲህ አስሉት። 20,000 ብር የሚከራየውን ቤት 10,000 ብላችሁ ካስመዘገባችሁ፣ ጭማሪው የሚታሰበው በ10,000ው ላይ ነው። ራሳችሁ ባሳነሳችሁት ዋጋ ሁለት ዓመት ትታሰራላችሁ።

«ሕግ ይወጣል፣ ይረሳል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሐምሌ 1967ን ያየን ሰዎች እንዲህ ልንል አይገባም። አዋጅ ቁጥር 47 በወጣ ማግሥት ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነውንም ቀበሌ ይሰበስበው ጀመር። ስለ ቤት የሚወጣ ሕግ ጓዳ ድረስ እንደሚዘልቅ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

ገና ልትገዙ የምታስቡም ቆም በሉ። ቤቱ ሦስት ወር ባዶ ቢቀመጥ መሶባችሁ ይጎድላል? ከጎደለ የመጨረሻ ገንዘባችሁን አታስገቡበት። ካርታው በማን ስም ነው? ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈርሟል? የዕጣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ፣ ሳይሸጥ መቆየት ያለበት አምስት ዓመት አልፏል? ልጆቻችሁ በዶላር እየላኩ የሚያስገዟችሁ ከሆነ ደግሞ ይህን ንገሯቸው፤ ኪራዩ የሚገባው በብር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አልፏል። የተፈረመ ኪራይ ግን በዚያ ፍጥነት አይነሣም።

ስታከራዩ የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ንባብ፣ የተሰነጠቀው መስኮት፣ ጥገናው በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ ሁሉም ውሉ ውስጥ ይጻፍ። የኪራይ ገቢ ግብር እስከ 35 በመቶ ይደርሳል፤ ከባድ ነው። መዝገብ ለያዘ ሰው ግን የጥገና ወጪ በደረሰኝ ይቀነስለታል። ደረሰኝ ማስቀመጥ ልመዱ። ተከራያችሁም የሰው ልጅ ነው፤ በሐሰት ውል ስትተባበሩ እሱንም ለሐሰት ታስለምዱታላችሁ። ያስተማራችሁትን ሐሰት ነገ በእናንተው ላይ ቢያዞረው አትደነቁ። እኔ የደረሰብኝ ይኸው ነው።

እኛ የቀረን ዘመን አጭር ነው። ከእኛ በኋላ የሰነድ ሣጥናችንን የሚከፍቱት ልጆቻችን ናቸው፤ የሚያገኙት ወረቀት ወይ ርስት ይሆናቸዋል ወይ የፍርድ ቤት ደጅ ያስጠናቸዋል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። የተጻፈው ዋጋ እውነት ካልሆነ ተከራያችሁን ጥሩና ተስማሙ፤ አብራችሁ ወረዳ ሄዳችሁ አስተካክሉት። በሕይወት ሳላችሁ አድርጉት።