እሳት የሚተፋ ተራራን ለማየት ስለ መሄድ

እግዚአብሔር የፈጠረውን ድንቅ ሥራ ለማየት መመኘት የሚነቀፍ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ስንቃቸውን ይዘው እስከ ኢየሩሳሌም ድረስ በሄዱ ጊዜ በረሀውንም ባሕሩንም ታግሠዋል። በዘመናችን ግን ሌላ ዓይነት መንገድ ተነሥቷል፤ ይኸውም እሳት በሚተፋ ተራራ አፍ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ለመመልከት የሚደረግ ጉዞ ነው። የቀድሞው መንገደኛ አደጋውን የታገሠው ከአደጋው ማዶ ያለውን በረከት ሽቶ ነበር፤ የዛሬው መንገደኛ ብዙ ጊዜ አደጋውን ራሱን ይሻዋል። ስለዚህ አንዳንድ አባቶችና እናቶች «ልጃችን ወደ ኤርታ አሌ ልሂድ ብሎ ቢለምነን እንፍቀድለት ወይስ እንከልክለው?» እያሉ ይጨነቃሉና ዛሬ በዚህ ነገር ጥቂት እንነጋገር።

ኤርታ አሌ በአፋር ምድር፥ በደናክል በረሀ የሚገኝ፥ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ስሙም በአፋርኛ የሚያጨስ ተራራ ማለት ነው። በአፉ ውስጥ የቀለጠ ዓለት እንደ ሐይቅ ሆኖ ሲፈላ ብዙ ዘመን ታይቷል፤ እንዲህ ያለ የእሳት ሐይቅ የታየባቸው ተራሮች በዓለም ሁሉ ጥቂቶች ስለ ሆኑ ከሩቅ አገር ሳይቀር ሰው ይመጣል። ነገር ግን ሐይቁ ሁልጊዜ በአንድ ልክ አይቆይም። በጥር ወር 2009 ዓ.ም. ከአፉ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ጎኑም ተሰንጥቆ በሌላ በኩል አዲስ እሳት ወጣ። በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ፈነዳ። ከእርሱ በስተ ደቡብ ያለው ሃይሊ ጉቢ የተባለው ተራራ ደግሞ በጽሑፍ ታሪክ ፈነዳ ተብሎ የማይታወቅ ሲሆን ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በድንገት ፈነዳ። አመዱም 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጥቶ፥ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፥ ከየመንና ከዖማን አልፎ እስከ ሕንድ አገር ደረሰ፤ በዚያም የአውሮፕላን ጉዞ ተሰረዘ። የአፍዴራ መንደር አመድ ለበሰች፤ የከብቱም ግጦሽ ተሸፈነ። ብዙ ዘመን ዝም ያለ ተራራ ሁሉ የሞተ ተራራ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

በዚያ አገር የሚያስፈራው እሳቱ ብቻ አይደለም። ደናክል በምድር ላይ ካሉት እጅግ ሞቃት ቦታዎች አንዱ ነው፤ ውሃ ያለቀበት መንገደኛ ተራራውን ሳያይ በመንገድ ሊቀር ይችላል። በጥር ወር 2004 ዓ.ም. ደግሞ የታጠቁ ሰዎች በኤርታ አሌ አጠገብ በጎብኚዎች ላይ አደጋ ጥለው አምስት የውጭ አገር ሰዎች ገድለዋል።

ብዙ ሰው እሳት የሚተፋ ተራራ የሚገድለው በሚፈስሰው እሳት ይመስለዋል። የሚፈስሰው እሳት ግን ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ይሄዳልና ሰው ሊሸሸው ይችላል። ከዚህ የሚከፋው የእንፋሎት ፍንዳታ ነው። በተራራው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ከታች ባለው ግለት ድንገት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ስፋቱ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሆናል። አፉ በሊጥ ተመርጎ እሳት ላይ የተጣደ ማሰሮ ምን እንደሚሆን የምታውቅ የቤት እመቤት ይህን ነገር ያለ መምህር ታስተውለዋለች። ለእንዲህ ያለው ፍንዳታ አዲስ የቀለጠ ዓለት ወደ ላይ መውጣት ስለማያስፈልገው፥ ተራራውን በመሣሪያ የሚጠብቁት ሊቃውንት እንኳ አስቀድመው ሊያውቁት ይቸግራቸዋል።

በጃፓን አገር ኦንታኬ የሚባል ተራራ አለ። መስከረም 17 ቀን 2007 ዓ.ም. እኛ የመስቀልን በዓል በምናከብርበት ዕለት፥ ቀኑም ቅዳሜ ነበርና፥ ብዙ ሕዝብ የዛፎቹን ቅጠል መቅላት ለማየት ወጥቶ ነበር። ለተራራው የተሰጠው የማስጠንቀቂያ ደረጃ ከሁሉ ዝቅተኛው ነበር። ወደ ቀትር ገደማ ተራራው ፈነዳ፤ 63 ሰዎችም ሞቱ ወይም ደብዛቸው ጠፋ። አብዛኞቹን የገደላቸው ከሰማይ የወረደው ድንጋይ ነው።

በኒው ዚላንድ አገር ባሕር ውስጥ ያለችው ዋካሪ የምትባል ደሴት ደግሞ ራስዋ እሳት የሚተፋ ተራራ ናት። ኅዳር 29 ቀን 2012 ዓ.ም. በፈነዳች ጊዜ 47 ሰዎች በላይዋ ነበሩ፤ ከእነርሱም 22ቱ ሞቱ፥ የተረፉትም ክፉኛ ተቃጠሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት የማስጠንቀቂያው ደረጃ ከፍ ብሎ ነበር፤ ጉዞው ግን አልተቋረጠም። የሄሊኮፕተር ነጂዎች አመዱ ሳይበርድ ነፍሳቸውን ለአደጋ ሰጥተው የቆሰሉትን አወጡ። ለመደነቅ ብሎ የሚሄድ ሰው የራሱን ነፍስ ብቻ የሚያስይዝ አይምሰለው፤ ሊያወጣው የሚመጣውንም ሰው ነፍስ አብሮ ያስይዛል።

ነገሩም ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ጎብኚዎችን ይወስዱ ከነበሩት ድርጅቶች አያሌዎቹ ጥፋታቸውን አምነው ተቀጡ። የደሴቲቱ ባለቤቶች ያቋቋሙት ማኅበር በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጥፋተኛ ነህ ተባለ፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ግን የበላይ ፍርድ ቤት ያን ፍርድ ሻረው። ከፍንዳታው እስከዚህ ቀን ከአምስት ዓመት በላይ አለፈ። ሕግ ጥፋተኛውን ይለያል፥ ካሣም ያስከፍላል፤ ነገር ግን ሕግ የሚመጣው ከቀብር በኋላ ነው። ስለዚህ አባት «ድርጅቱ ፈቃድ አለውና ልጄ አይጎዳም» ብሎ ልቡን አያሳርፍ።

ከፍንዳታ ሌላ የማይታይ ጠላት አለ፤ እርሱም ክፉ አየር ነው። ከተራራው ከሚወጡት አየሮች አንዱ ከምንተነፍሰው አየር ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ በጎድጓዳ ቦታ ይጠራቀማል፤ ሽታም የለውም። ሌላው እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተትን ኃይል ያደነዝዛልና ሽታው የጠፋ ለመሰለው ሰው ይበልጥ ያስፈራል። በመስከረም 2010 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር፥ በኔፕልስ ከተማ አጠገብ ሶልፋታራ በሚባለው ስፍራ አንድ ቤተ ሰብ ለመጎብኘት ሄዶ ነበር። የ11 ዓመት ልጅ የተከለከለውን አጥር አልፎ ሲገባ ምድሪቱ ከዳችውና ወደቀ። አባቱ ሊያወጣው ሄደ፥ ቀረ፤ እናቱም ተከተለች፥ ቀረች። የተረፈው ታናሽ ወንድሙ ብቻ ነው። ልጆች ያላችሁ ሁሉ ይህን አንድ ታሪክ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ አትርሱት።

በቀድሞ ዘመን የተጻፈ ሌላም ምሳሌ አለን። በአውሮጳ አቆጣጠር በ79 ዓመት ቬሱቪዮስ ተራራ ሲፈነዳ፥ የሮም መርከቦች አዛዥ የነበረው ሊቁ ፕሊንዮስ ነገሩን በቅርብ ለመመርመር ተነሣ፤ ወዲያውም የእርዳታ ጥሪ ሲደርሰው ሰዎችን ለማዳን በመርከብ ሄደ፥ በዚያም ሞተ። የእኅቱ ልጅ ግን አብሮ እንዲሄድ ቢጠየቅ ትምህርቴን እቀጥላለሁ ብሎ ቀረ። የፍንዳታውን ታሪክ ለዓለም የጻፈልን ይህ የቀረው ወጣት ነው። እንግዲህ በሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው ምንም አያይም አይባልም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ፈጽሞ መከልከል የሚጠቅም አይመስለኝም፤ የተከለከለ ልጅ ተሰውሮ ይሄዳል፥ የተመከረ ልጅ ግን መንገዱን ነግሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከመፍቀድ በፊት አራት ነገር ይጠየቅ። አንደኛ፥ ተራራው በዚያ ሳምንት እንዴት እንደ ሆነና ሊቃውንቱ ምን እንዳሉ ይታወቅ፤ ማስጠንቀቂያው ከፍ ያለ እንደ ሆነ ጉዞው ይቅር፥ የተከፈለውም ገንዘብ ይጥፋ። ሁለተኛ፥ መሪው የአገሩን ምድር የሚያውቅ የአፋር ሰው ይሁን፤ እርሱ «ተመለሱ» ባለ ጊዜ የሚከራከር መንገደኛ አይሂድ። ሦስተኛ፥ የራስ ቁር፥ የክፉ አየር መከላከያ ጭምብልና የተትረፈረፈ ውሃ ይያዝ፤ ሕፃናትና የአስም በሽታ ያለባቸው ሰዎች ግን ምንም ቢይዙ አይሂዱ። አራተኛ፥ ከአፉ ጫፍ ላይ መቆም፥ ወደ ጎድጓዳ መውረድ፥ ፎቶግራፍ ለመነሣት ከመንገድ መውጣት ፈጽሞ አይፈቀድ፤ የረጋ የሚመስለው ጥቁር ዓለት ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላልና። ከእነዚህ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ የአባት መልስ «አይሆንም» ይሁን፤ ልጁ ቢቆጣም ቁጣው ያልፋል።

እናንተም ወጣቶች ሆይ፥ ጌታችን ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር በተባለ ጊዜ እንቢ ማለቱን አስቡ፤ እንቢታው ከፍርሃት አልነበረም። ድፍረት የሚመሰገነው አገርን ለመጠበቅና ወገንን ለማዳን ሲሆን ነው። ለመታየት ብሎ በእሳት አፍ ላይ የሚቆም ሰው ቢመለስ የሚያተርፈው አንድ ሥዕል ነው፤ ባይመለስ ግን እናቱ ዕድሜ ልኳን ጥቁር ትለብሳለች። የእግዚአብሔርን ሥራ ለማየት የሄደ ሁሉ ያየውን ለቤተ ሰቡ ለመንገር ይመለስ ዘንድ፥ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን የአባቶች ምክር ከስንቁ ጋራ ይያዝ።