«ጠብቂ» የሚል ደብዳቤ

ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ነበርኩ፤ ከተማው በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየማት፣ በኦሎምፒክና በፒኮ መካከል ባለችው ሰፈራችን። ቶናው ሊቀዳ ሲል አንድ ወዳጄ የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አቀበለኝ። ልጁ ኤምቢኤ ለመማር ካመለከተችበት ትምህርት ቤት የመጣ ነው። ተቀብለንሻል አይልም፤ አልተቀበልንሽም አይልም። በተጠባባቂዎች ዝርዝር ውስጥ ነሽ ይላል።

«በጨዋ ደንብ አባረሯት ማለት ነው?» አለኝ።

አልፈርድበትም። በእኛ ጊዜ የማትሪክ ውጤት ሲመጣ ወይ ማለፍ ነበር ወይ መውደቅ። ዌይቲንግ ሊስት የሚሉትን የምናውቀው ከአየር መንገድ ነው። ለነገሩ የትምህርት ቤቱም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ከተቀበሏቸው ውስጥ ከፊሉ ሌላ ትምህርት ቤት ይመርጣል፤ ከፊሉ ሥራውን መልቀቅ ያስፈራዋል። ይህ የሚለየው የቦታ ማስያዣ መክፈያው ቀን ሲያልፍ ነውና ጥሪው በሜይም በጁላይም ሊመጣ ይችላል። ወረፋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ዳቦ ሰልፍ ተራ የለውም፤ መሐንዲስ የቀረበት ክፍል መሐንዲስ ሊፈልግ ይችላል።

«መልስ ሰጠች?» አልኩት። አልሰጠችም። «ካልፈለጉኝ አልለምናቸውም» ብላለች።

ስንቱን ልጃችንን የጎዳው ይኸው ነው። አገር ቤት ዝምታ ጨዋነት ነው፤ እዚህ ዝም ያለ ሰው አልፈለገም ተብሎ ይታለፋል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች በዝርዝሩ ላይ ለመቆየት ትፈልጊያለሽ ወይ ብለው ቀን ቆርጠው ይጠይቃሉ። እፈልጋለሁ ማለት ልመና አይደለም።

አባትየው ደግሞ በሌላው ጫፍ ነው። ቄሱም፣ ሐኪሙም፣ እኔም እንድንጽፍላት ይፈልጋል። ሽማግሌ መላክ ለጋብቻ ነው እንጂ ለአድሚሽን ቢሮ አይሆንም አልኩት፤ ትንሽ ተቀየመኝ። ደብዳቤው ተጨማሪ ነገር አትላኪ ካለ አለመላክ ነው። ከፈቀደ ግን ሥራዋን በዓይኑ ያየ አንድ አለቃ ይበቃል። ካመለከተች ወዲህ ዕድገት አግኝታ ከሆነ በአጭሩ ትጻፍ። የጂማት ነጥቧ ዝቅ ያለ ከሆነም ከ16 ቀን በኋላ እንደገና መፈተን ይቻላል።

ሌላ ትምህርት ቤት ተቀብሏታል ለካ! ማስያዣውን ግን «ሁለት ቦታ ገንዘብ አልበትንም» ብሎ ይዞታል። ክፈል አልኩት። በኋላ ከዝርዝሩ ብትጠራ ማስያዣው ሊቀር ይችላል፤ ባትጠራ ግን አንድ ዓመት ከመቅረት ያድናታል። ደግሞም ዘግይቶ ለተጠራ ተማሪ የስኮላርሺፕ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ተከፋፍሎ ያለቀ ነው። ብድሩም ጠብቧል። በ2025 የወጣው ሕግ ግራድ ፕላስ የሚባለውን የመንግሥት ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች የሚዘጋ ነው። ለኤምቢኤ አዲስ ተበዳሪ ከፌዴራል መንግሥት የሚገኘው በዓመት 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው 100,000 ነው። የታወቁት ትምህርት ቤቶች የአንድ ዓመት ክፍያ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ብትጠራም «እሺ» ከማለቷ በፊት ገንዘቡን አስልታ መሆን አለበት።

ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ እዚያው ደወለላት። የመልስ መስጫው ቀን ማክሰኞ ነው።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» ስትል ይሰማኛል።

ስልኩን ለእኔ ሰጠኝና በረካውን ሊጠጣ ዞረ።