ርዕሰ አንቀጽ፦ አሮጌውን ሞደም ለመጣል አንቸኩል



በመዳብ የስልክ ሽቦ ይመጣ የነበረው የቤት ኢንተርኔት በየከተማው በፋይበር እየተተካ ነው። ፋይበር ማለት መልእክትን በብርሃን የሚያስተላልፍ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው። የመስመርን ዋጋ ለእኛ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦብን፣ ደረጃ በደረጃ የተመለሰልን የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ነው። አዲስ መስመር ሲገባልን ደስ ቢለን አይፈረድብንም።

ይሁን እንጂ ደስታው ለኪሳራ አይዳርገን። አሮጌውን ሞደም ከቆሻሻ ጋር ጥሎ፣ ዋይፋዩ ጓሮ ካለው ክፍል አልደርስ ሲል ገበያ ወጥቶ ሌላ መግዛት ምን ይባላል? ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

እርግጥ ነው፣ የስልክ ሽቦ ሞደም ፋይበሩን በቀጥታ አይቀበልም። ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ኦ.ኤን.ቲ. የተባለው አዲሱ ሣጥን ነው፤ ያለ እሱ አይሆንም። ሆኖም አሮጌው ዋይፋይና የኔትዎርክ ቀዳዳ ካለው፣ ሁለተኛ የዋይፋይ ማሠራጫ ሆኖ ያገለግላል። የዓይናለም ጉድጓዶች መቀሌን ውኃ ያጠጣሉና እኛ እናውቀዋለን፤ ቧንቧ ተቀየረ ተብሎ ባልዲ አይጣልም እኮ!

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ሞደሙ ተመላሽ ዕቃ እንዳይሆን ውሉን ማየት። ቀጥሎ «ሪሴት» የሚለውን ቀዳዳ በመርፌ አሥር ሰከንድ ያህል ተጭኖ የድሮውን የመግቢያ ስምና የምሥጢር ቃል ማጥፋት። ከዚያ በኮምፒዩተር ገብቶ አድራሻውን መለወጥ፤ አዲሱ ሣጥን 192.168.1.1 ከሆነ ለአሮጌው 192.168.1.2 መስጠት። ዲ.ኤች.ሲ.ፒ. የሚባለውንም መዝጋት፤ ለየስልኩና ለየኮምፒዩተሩ አድራሻ የሚያድለው አንድ ሣጥን ብቻ መሆን አለበት፣ ሁለቱም ካደሉ መስመሩ ይምታታል። በመጨረሻም የኔትዎርክ ኬብል ከአዲሱ የላን ቀዳዳ ወደ አሮጌው የላን ቀዳዳ መዘርጋት። የስልክ ሽቦው ቀዳዳ ባዶውን ይቀራል። ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ስለሚሠራ ለግቢያችን ይበቃል።

ጥንቃቄም ያሻል። ከፋብሪካ የመጣው የምሥጢር ቃል «አድሚን» ከሆነ ይለወጥ፤ ዋይፋዩም ያለ ቁልፍ አይተው። አዳፕተር አታቀያይሩ፤ ቮልቱ ካልተመሳሰለ ዕቃው ሊቃጠል ይችላል። የብዙዎቹ አሮጌ ሞደሞች ቀዳዳ ከ100 ሜጋቢት በላይ አያሳልፍም፤ ከዚያ የበለጠ ፍጥነት የገዛ ሰው ይህን ይወቅ። የመብራትም ነገር አለ። የመዳቡ ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከቴሌ ማዕከል ነው፤ የፋይበሩ ሣጥን ግን የቤት መብራት ይፈልጋል። መጠባበቂያ ባትሪ በሌለበት ቤት መብራት ሲሄድ ስልኩም አብሮ ይሄዳል፤ በተለይ አዛውንትና ሕመምተኛ ያለበት ቤት አስቀድሞ ያስብበት።

ይህን ለመሥራት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ኮምፒዩተር የሚነካካ አንድ የሠፈር ወጣት ይበቃል። ሞደም የተረፈው ለሚያስፈልገው ጎረቤት ይስጥ። ጨርሶ የተበላሸውም ቢሆን በየቦዩ አይጣል፤ ብየዳው እርሳስ ሊኖርበት ይችላልና ለልጆችም ለውኃችንም አይበጅም። የማኅበራችን ኮሚቴ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን አጀንዳ አድርጎ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚረዱ ወጣቶችን እንዲመድብ ማሳሰብ እንወዳለን።