የማን ደም ይቅደም?

ልጅ ተደፈረች በተባለ ቁጥር፣ ቡና ላይም ሆነ ፍርድ ቤት በር ላይ አንድ ጥያቄ ይቀድማል፦ «ሰውየው ይመርመር፣ በሽታ እንዳለበት ይታወቅ!» ንዴቱ ይገባኛል። እህቴ ብትሆን እኔም ያንኑ እጮኻለሁ። ጩኸቱ ግን ያለቦታው ነው።

ሕጉማ አለ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 34 መርማሪ ፖሊስ ካስፈለገው ተጠርጣሪውን በሐኪም እንዲያስመረምር ይፈቅድለታል፤ የደም ምርመራም ጭምር። ይህ የተጻፈው ኤችአይቪ ከመታወቁ ከ20 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ተበዳይዋን መመርመር ሲሆን ግን ያው አንቀጽ ፈቃዷን ይጠይቃል።

እስቲ ወደ ራያ እንውረድ። ማሽላው ከሰው ቁመት ባለፈበት ወቅት፣ ከዞብል ግርጌ አንዲት ልጅ ማሳ መሃል ተጠቃች እንበል። ያን ሌሊት ለእናቷም አትናገርም። በማግስቱ ሽማግሌ ይገባል፤ የራያ ሽማግሌ ደም በማድረቅ የታወቀ ነውና «በእርቅ ይለቅ» ይላል። በሦስተኛው ቀን አባት ልጁን ይዞ ቆቦ ፖሊስ ይደርሳል። ፖሊስ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ማኅተም ያዡ ወጣ ብሏል፣ ነገ ኑ ይባላሉ። ልጅቱን ከቫይረሱ ሊያድናት የሚችለው፣ ባለሙያዎቹ ፔፕ የሚሉት መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በዚያው ዕለት መጀመር ነበረበት። ደብዳቤው ሳይወጣ ሰዓቱ አለቀ። እኛ ግን አሁንም የምንጠይቀው ሰውየው ተያዘ ወይ፣ ደሙ ታየ ወይ ብለን ነው።

ደሙ ታየ እንበል። ነጻ ነው ቢባል፣ በቅርብ የተያዘ ሰው ቫይረሱ ለሳምንታት በምርመራ ላይታይበት ይችላል። አለበት ቢባልም ተላልፎባታል ማለት አይደለም። በሁለቱም በኩል መድኃኒቱን የምትውጠው፣ ደጋግማ የምትመረመረው እሷው ናት። ውጤቱ ደግሞ በትንሽ ከተማ ሚስጥር ሆኖ አይቀርም፤ ሐሜቱ ዞሮ እሷ ላይ ያርፋል።

ለቅጣትም ቢሆን ብዙ አይረዳም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 628 ቅጣቱን የሚያከብደው አጥፊው በሽታው እንዳለበት *እያወቀ* ሲያስተላልፍ ነው። ከተያዘ በኋላ የተቀዳ ደም በፊት ያውቅ እንደነበር አይመሰክርም።

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ሕግ ተበዳይዋ በ90 ቀን ውስጥ አመልክታ ተጠርጣሪውን እንድታስመረምር ፈቅዳለች። ያው ሕግ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ለቀረበች መድኃኒቱን በመንግሥት ወጪ ይሰጣታል። እኛ የመጀመሪያውን ስንመኝ ሁለተኛውን ረሳን።

የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ ክርክሩን ጨርሶታል። በ2013 ንፋስ መውጫ ላይ በትግራይ ታጣቂዎች እንደተደፈሩ ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል የተናገሩት 16 ሴቶች የሚያስመረምሩት ተከሳሽ አልነበራቸውም፤ ሰዎቹ መሣሪያቸውን እንደያዙ ሄደዋል። የከተማው ሆስፒታልም ተዘርፎ ነበርና የሚገባቸውን ሕክምና አላገኙም። በዚያው ጦርነት በሰሜን ወሎም የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ይህ ነገር ቤትህ ቢገባ፣ አያድርገውና፣ ሽማግሌም ፖሊስም ከመጥራትህ በፊት ልጅቱን ይዘህ ወደ ጤና ተቋም ሩጥ። ደብዳቤው ኋላ ይደርሳል። መድኃኒቱ በየቀኑ የሚወሰድ ነው፣ ለ28 ቀን፤ እንዳታቋርጥ አብረሃት ቁጠር።