ሰርቨሩን ዘጋችሁት፤ የሰው ገመናስ?

በቅርቡ አንድ የዜና ድረ ገጽ ተዘጋ። ስሙን አልጠራም። ገንዘብ አለቀ፣ የስንብት ጽሑፍ ተለጠፈ፣ ሁላችንም «ያሳዝናል» ብለን አለፍን። እኔ እዚያ ቤት በፍሪላንስ ሁለት ዓመት ያህል ጽፌያለሁ። ከሳምንት በኋላ ለአዘጋጁ ደወልኩና «ሰርቨሩን ምን አደረጋችሁት?» አልኩት።

«ምን እናደርገዋለን? መክፈል አቆምን። በቃ ራሱ ይጠፋል።»

እዚያ ሰርቨር ላይ ምን እንዳለ ስለማውቅ እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ጥቆማ ላኩልን» የሚለው ቅጽ ለዓመታት የሰበሰበው ስምና ስልክ አለ። በስልክ ካሜራ የተነሱ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች አሉ። ያልተቆረጡ የቃለ መጠይቅ ድምፆች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ «ስሜ እንዳይጠቀስ» ብለው ያናገሩኝ ሰዎች ናቸው። በጽሑፉ ላይ ስማቸውን ቀይሬያለሁ። ድምፁ ሲጀምር ግን ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን እንዲናገሩ የጠየቅኳቸው እኔው ነኝ።

«ራሱ ይጠፋል» የሚባል ነገር የለም! ፋይል ስታጠፉ ኮምፒውተሩ በአብዛኛው የሚሰርዘው ፋይሉ የት እንዳለ የሚጠቁመውን መዝገብ ነው። ቦታው «ባዶ» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይዘቱ እዚያው ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት የኤምአይቲ ተመራማሪዎች 158 ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮች ገዝተው የፈተሹበትን ጥናት አሳተሙ። ከሚሠሩት 129 ውስጥ በትክክል የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥር ሳይቀር ተገኝቷል።

«ያ ድሮ ነው፣ አሁን አከራዩ ያጸዳዋል» ትሉኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ታዋቂው የሰርቨር አከራይ ዲጂታል ኦሽን የተሰረዙ ሰርቨሮችን ዲስክ ሁልጊዜ እንደማያጸዳ ታወቀና አሠራሩን ለመለወጥ ተገደደ። እሱ ትንሽ ነው ካላችሁ ሞርጋን ስታንሊን እዩ። ባንኩ አሮጌ የዳታ ማዕከል መሣሪያዎቹን እንዲያስወግድለት የቀጠረው ዳታ በማጥፋት ልምድ የሌለው የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት ነበር። ከመሣሪያዎቹ የተወሰኑት የደንበኞች መረጃ ሳይጸዳባቸው በኢንተርኔት ጨረታ ተሸጡ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ 35 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው። ያ ሁሉ ጠበቃ ያለው ባንክ እንዲህ ከሆነ፣ በአንድ ላፕቶፕ የሚተዳደር የእኛ ድረ ገጽ ምን ይሆናል?

የእኛ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል ስለሚያስቸግር ሰርቨሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው አሜሪካ ወይም አውሮፓ ባለ ዘመድ ካርድ ነው። አካውንቱ የተከፈተው በዘመዱ ኢሜይል ነው። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ሰርቨሩ ይታገዳል። መታገድ ማለት ደግሞ መጥፋት ማለት አይደለም። እኛ እንዳንገባ በሩ ይዘጋል፤ ዕቃው ውስጥ ነው። ቁልፉ ባለቤትነቱን እንኳ በማያስታውስ የአክስት ልጅ እጅ ነው።

ማጽዳቱ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ሙሉ ማሽን የተከራየ ሰው ሬስኪው ሞድ በሚባለው አስነስቶ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ መሙላት ይችላል። ኤስኤስዲ ከሆነ ዲስኩ ራሱ የደበቃቸው ክፍሎች ስላሉ ይህ ብቻውን አስተማማኝ አይደለም፤ የዲስኩን የራሱን የማጽጃ ትእዛዝ መጠቀም ያስፈልጋል። ቨርቹዋል ሰርቨር ላይ ግን የምታዩት ዲስክ የእናንተ አይደለም፣ የአከራዩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ባክአፖቹንና ስናፕሾቶቹን ከአካውንቱ ላይ አጥፉ። ሰው ሁሉ የሚረሳው እነዚህን ነው። ከሁሉም የሚሻለው ዲስኩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በምስጠራ መቆለፍ ነው፤ ስትለቁ የቁልፉን ቅጂ ሁሉ ታጠፋላችሁ፣ የቀረው ማንም የማያነበው ቆሻሻ ይሆናል። ይህን የኔትወርክ ባለሙያ ለሆነ ወዳጃችሁ ብትነግሩት ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።

እናም ችግሩ ዕውቀት ነው ብዬ አላምንም። ችግሩ ንቀት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲወጣ ስለ ባንኮችና ስለ ቴሌኮም ስንት ዘገባ ሠራን? ሰው ከእኛ ጋር ሲያወራ የሚያስይዘን ከባንክ ሒሳቡ የበለጠ ነው፤ እንጀራውን ነው። ድረ ገጽ ስንከፍት ኬክ እንቆርሳለን፣ ስንዘጋ ደግሞ የሚያለቅስ ጽሑፍ እንለጥፋለን። ዲስኩን አጽድቶ የሚወጣ ግን የለም። «ማን ይፈልገዋል?» የሚለውም መልስ አይገባኝም። ማን እንደሚፈልገው የሚያውቀው ያ «ስሜ እንዳይጠቀስ» ያለው ሰው ነው እንጂ አዘጋጁ አይደለም።

ለነገሩ የእኛውን ሰርቨር አገኘነው። የአዘጋጁ ዘመድ የይለፍ ቃሉን ለማስታወስ አራት ቀን ፈጀበት። ውዝፉን ከኪሳችን አዋጥተን ከፈልንና እገዳው ተነሣ። ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው፣ አንድ ፋይል አልጎደለም። ከሁለት ዓመት በፊት የተወሰደ ስናፕሾት ሳይቀር ነበር። አንድ ሌሊት ሙሉ ተቀምጠን አጸዳነው።

ለሦስቱ ሰዎች ድምፃቸው ለሳምንታት ጠባቂ አልባ እንደነበር መንገር ነበረብኝ። ሁለቱን አግኝቼ ነግሬያቸዋለሁ። ሦስተኛው ስልኩን አያነሣም።