ጥርጣሬው በማን ላይ ይረፍ?

የልብ አንጠልጣይ ፊልም ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ነገር ተመሳሳይ ነው፤ ጨለማ፣ ዝናብ፣ ባዶ መንገድ፣ ጠርቶ ጠርቶ የማይነሳ ስልክ፣ ኮፍያውን ዝቅ ያደረገ ሰው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ "ለካ እሱ ነበር!" የሚያሰኝ ምስጢር። እነዚህ የዘውጉ ልማዶች ናቸው። ልማድ ስለሆኑ ብቻ ሊናቁ አይገባም፤ ፊልም ሠሪውና ተመልካቹ የሚግባቡባቸው ቋንቋ ናቸውና።

ነገር ግን ከልማዶቹ አንዱ እኛ ሰፈር ሲደርስ አደገኛ ይሆናል ባይ ነኝ። እሱም ተጠርጣሪው ነው። ልብ አንጠልጣይ ፊልም ተመልካቹ የሚጠረጥረው ሰው ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ይህ ሰው ብቸኛ፣ ዝምተኛ፣ ከሰው ገለል ብሎ የሚኖር ነው። ጥያቄው እንግዲህ ይሄ ነው፤ ጉለሌ ውስጥ ካሜራ ይዘን ስንወጣ ጥርጣሬውን የምናሳርፈው ማን ላይ ነው?

ምሳሌ ልስጥ። በዚህ ሴሚስተር አምስት ሆነን የ12 ደቂቃ ፊልም እየሠራን ነው። ታሪኩ ቀላል ነው፤ ሲመሻሽ አንድ ሕፃን ይጠፋል፣ ሰፈሩ ይፈልገዋል። ቦታው ቀጨኔና ከበላዩ ያለው የእንጦጦ ጥግ ነው። የዘውጉን ልማድ ዝም ብለን ከተከተልነው የት እንደሚያደርሰን ግልጽ ነው። ሸክላ የሚሠሩ አንዲት ብቸኛ እናት፣ ሸክላው የሚተኮስበት ጭስ፣ ከጫካው የሚሰማ የጅብ ድምፅ። ይኼው በቃ! አዲስ አበባ ላደገ ተመልካች ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ለምን አያስፈልገውም? ጥርጣሬውን ፊልሙ አልፈጠረውማ፤ ድሮም ነበር። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎችና ባለ እጆች "ቡዳ" ሲባሉ፣ "ሌሊት ጅብ ይሆናሉ" እየተባለ ሲወራባቸው ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ቃሉ ግን ከአፋችን አልጠፋም። የሚገርመው ደግሞ ቡናችንን የምናፈላው እነሱ በሠሩት ጀበና ነው።

አንዳንድ የክፍላችን ልጆች "ታዲያ ምን አለበት? ተመልካቹ አሥር ደቂቃ ይጠርጥራቸው፣ መጨረሻ ላይ ንጹሕ መሆናቸው ይገለጥና ይፈር" ይላሉ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። እኔ ግን አልስማማም። አሥር ደቂቃ ሙሉ ካሜራው፣ ሙዚቃውና መብራቱ "ፍሯቸው" ሲሉ ቆይተው በመጨረሻዋ ደቂቃ "ይቅርታ፣ አይደሉም" ማለት፣ አንድ ጋዜጣ በፊት ገጹ ሰው ወንጅሎ በሳምንቱ በውስጥ ገጽ በትንሽ ፊደል እርማት እንደሚያወጣው ነው። እርማቱን ስንት ሰው ያነበዋል? የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህን ከማንም በላይ ማወቅ አለብን።

ታዲያ ዘውጉን እንተወው? በፍጹም! መፍትሔው እዚያው ዘውጉ ውስጥ አለ። አልፍሬድ ሂችኮክ ስለ ቦምቡ የሰጠው ምሳሌ የታወቀ ነው። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሲያወሩ ቦምብ ድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ የሚደነግጠው ለ15 ሰከንድ ነው። ቦምቡ ከጠረጴዛው ሥር መኖሩን አስቀድሞ ካወቀ ግን 15 ደቂቃ ሙሉ ልቡ ይንጠለጠላል። ምን ለማለት ነው? ልብ የሚያንጠለጥለው የግድ መደበቅ አይደለም፤ ለተመልካቹ ቀድሞ መንገርም ያንጠለጥላል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ የሐሰት ተጠርጣሪ አያስፈልገንም።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። በመጀመሪያዋ ደቂቃ ሕፃኑን እናሳይ። እግሩ ወለም ብሎት ሲያለቅስ እኚያ እናት አግኝተውት ቤታቸው አስገብተውታል፤ በልቶ ተኝቷል። የስልካቸው ባትሪ ሞቷል። ከዚያ ካሜራው ወደ መንደሩ ይሂድ። አንዱ "እዚያ ጋ አይቼዋለሁ" ይላል፣ ሌላዋ "እሷማ..." ብላ ዝም ትላለች፣ ሦስተኛው ዱላና ባትሪ ይዞ ይነሳል። ጨለማው አለ፣ ስልኩ አለ፣ የጅቡ ድምፅም አለ። ከልማዱ ምንም አልጎደለም። የተቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተመልካቹ እሳቸውን መፍራቱን ትቶ ለእሳቸው ይፈራል። የሚያስፈራው ጫካው ሳይሆን ወሬው ይሆናል።

ልማድን እያወቁ መስበር አዲስ ነገር አይደለም። ሂችኮክ ራሱ በ1960 እ.ኤ.አ. በሠራው "ሳይኮ" ዋና ገጸ ባሕርይ የመሰለችንን ሴት ፊልሙ ሳይጋመስ ነው ያስገደላት። በአገራችንም የበዓሉ ግርማ "ኦሮማይ" (1975 ዓ.ም.) አለ። መጽሐፉ የስለላ ታሪክ ልማዶችን በሙሉ ይዟል፤ ሰርጎ ገብ፣ ምስጢር፣ ፍቅር፣ ግድያ። ነገር ግን ጀግናው ጠላትን ድል አድርጎ በሰላም የሚመለስበት ታሪክ አይደለም፤ ጋዜጠኛው ተራኪ የገዛ ወገኑን ዘመቻ ከውስጥ ሆኖ ያሳየናል። በዓሉ ይህን ጽፎ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀርቷል። ልማድን መስበር አንዳንዴ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ከእኛ የሚጠበቀው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ስክሪፕቱን ከመቅረጻችን በፊት ለቀጨኔ እናቶች እናንብብላቸው፤ የምንቀርጸው ግቢያቸውን ብቻ ሳይሆን ስማቸውንም ጭምር ነውና። "ይሄ እኛን አይመስልም" ካሉ እንስማ። ልባችንን የሚያንጠለጥሉ ፊልሞች እንሥራ፤ ማንጠልጠያው ግን የጎረቤታችን አንገት አይሁን።