ናሙና በፌስታል ተሸክሞ ጓንዡ ከመብረር ንድፉን ጉብሬ ማሠራት

ሶማሌ ተራ የሚውል ሰው ይህን አሠራር አሳምሮ ያውቀዋል። አንድ ዕቃ ገበያው ላይ እንደጠፋ የሸተተው ነጋዴ ያረጀውን ዕቃ ከመካኒኩ እጅ ይቀበላል፣ በፌስታል ይጠቀልለዋል፣ ከዚያም ዱባይ ወይም ጓንዡ ይዞት ይበራል። እዚያ ያለው ፋብሪካ ናሙናውን ይለካል፣ በኮምፒዩተር ይነድፈዋል፣ ሻጋታ ያወጣለታል፣ ሠርቶም በካርቶን ያሽገዋል። ነጋዴያችን ዕቃውን ይዞ ይመለሳል፤ ንድፉ ግን እዚያው ይቀራል። በዓመቱ የጎረቤት ሱቅ ያንኑ ዕቃ ከዚያው ፋብሪካ ቢያዝ ማንም አይከለክለውም። የመጀመሪያው ነጋዴ የአውሮፕላን ቲኬቱን፣ የሆቴሉንና የሙከራውን ወጪ ችሎ ያስወጣውን ንድፍ ተፎካካሪው በነፃ ወረሰው ማለት ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ በውጭ አገር ስለሚቀረው ንድፍ ነው። ለመሆኑ ንድፉን የሚያወጣ ሰው አገር ቤት ጠፍቶ ነውን?

አልጠፋም። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው ወልቂጤን ያገኛሉ። አጠገቧ ጉብሬ ላይ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከዘቢዳር ተራራ ወዲያ ማዶ ደግሞ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነችው ቡታጅራ የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አላት። የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪ የማሽን ንድፍ ትምህርት ሲወስድ ከሚሰጡት የክፍል ሥራዎች አንዱ የሞተር አካላትን በኮምፒዩተር መንደፍ ነው። ፒስተኑን፣ ቢየላውንና ኮሎውን ለየብቻ ይሠራቸዋል፤ ከዚያ ያገጣጥማቸዋል። ኮሎው ሲዞር ፒስተኑ ሽቅብ ቁልቁል ሲል መስኮቱ ላይ ያሳያል። መምህሩ ነጥቡን ይሰጣል። ከዚያስ? ከዚያ ወዲያ ፋይሉን የሚፈልገው የለም፤ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ ያረጃል።

እኔ የኢኮኖሚክስ ተመራቂ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ስለዚህ የሚገርመኝ የኮሎው መዞር ሳይሆን ገበያ ያጣ ምርት መሆኑ ነው። ሻጭም ገዥም አንድ አገር ውስጥ ተቀምጠው፣ እንዲያውም ብዙዎቹ የአንድ አገር ልጆች ሆነው፣ የሚያገናኛቸው ሰው ታጣ። ደላላ በሞላበት ከተማ!

ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። አውቶካድ የሚባለው ፕሮግራም ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ በዋናነት የወረቀትና የቲ ማስመሪያ ምትክ ሆኖ ነበር የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1995 የመጣው ሶሊድዎርክስና መሰሎቹ ግን ከዚህ ያልፋሉ። ዕቃውን በሦስት አቅጣጫ ይገነቡታል፤ እያንዳንዱ መጠን በቁጥር የታሰረ ነው። የፑሌጃውን ዲያሜትር ከ200 ሚሊሜትር ወደ 250 ቢለውጡት ቀዳዳው፣ ጎድጎዱና የቺንጋው መንገድ ተከትለውት እንዲስተካከሉ ሆኖ ሊሠራ ይችላል። ለነጋዴ ይህ ምን ማለት ነው? አንድ ጊዜ የተከፈለበት ንድፍ ለአምስት ዓይነት መጠን ያገለግላል ማለት ነው። ሁለተኛው ቅጂ ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ፍላሽ ላይ ገልብጦ መስጠት ነው።

ይሁን እንጂ ተማሪው የሠራውን ሁሉ አምነን እንግዛ እያልኩ አይደለም። በክፍል ሥራ ላይ የሚነደፈው ፒስተን አብዛኛውን ጊዜ ያማረ፣ ድቡልቡል፣ ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ ነገር ነው። እውነተኛው ፒስተን ግን ድቡልቡል አይደለም! 100 ሚሊሜትር ስፋት ያለው አሉሚኒየም ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ወደ ግማሽ ሚሊሜትር የሚጠጋ ይሰፋል። በፒስተኑ ቀሚስና በሲሊንደሩ መካከል የሚተወው ክፍተት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥቂት የሚሊሜትር መቶኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ እሳቱ የሚያርፍበትን አናቱን ከቀሚሱ አጥብበው፣ ዙሪያውንም በመጠኑ ሞላላ አድርገው ይሠሩታል፤ ሲሞቅ ነው ቅርጹን የሚይዘው። ይህን ያላወቀ ንድፍ ለግድግዳ እንጂ ለሞተር አይሆንም። ሞተሩ በሞቀ በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል።

ታዲያ ተማሪው ለምን እንዲህ ያደርጋል ብለን ብንጠይቅ፣ የሚነድፈው ከመጽሐፍ እንጂ ከዕቃ ስላልሆነ ነው። ቁጥሩ ሁሉ ሙሉ ሙሉ ነው፤ 80፣ 100፣ 120። የተፈቀደው ልዩነት ስንት እንደሆነ አይጻፍበትም። የተፈቀደ ልዩነት የሌለው ንድፍ ዋጋ እንዳልተጻፈበት ውል ነው። ይህን የመለዋወጫ ነጋዴ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ብሮንዚን ሲሸጥ «ስታንዳርድ ነው፣ 0.25 ነው፣ 0.50 ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሩብ ሚሊሜትር ሞተር እንደምትገድል ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ ተማሪው የጎደለው ዕውቀት ነጋዴው ደጃፍ ላይ አለ፤ ነጋዴው የጎደለው ሙያ ተማሪው ላፕቶፕ ውስጥ አለ።

ሌላው መንገድ ቶርኖ ቤት ነው። የቶርኖ ባለሙያዎቻችንን እጅ የሚንቅ ሰው አላዋቂ ነው። ነገር ግን የሚሰጣቸው ያረጀ ናሙና ነው። ያረጀ ዕቃ የተበላበትን ይዞ ይመጣል፤ ባለቶርኖውም መበላቱን ጨምሮ ይቀዳዋል። ይህ ቅጂ በተራው ሲያረጅ ናሙና ሆኖ ይመለሳል፤ ስህተት በስህተት ላይ ይደረባል። ወፍጮ ቤት ያላችሁ ሰዎች ቺንጋ በየጊዜው የሚበላባችሁ ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ምክንያት የፑሌጃው ጎድጎድ የቅጂ ቅጂ መሆኑ ሊሆን ይችላል። በንድፍ የሚሠራ ባለሙያ ግን የተበላውን ቦታ ሳይሆን ያልተበላውን ፈልጎ፣ በካሊፐርና በማይክሮሜትር ለክቶ፣ ከዕቃው ጋር የሚገጥመውን ሌላውን አካል አይቶ ትክክለኛውን መጠን ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ያ መጠን አያረጅም።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። በ1985 ዓ.ም. ከ2.07 ወደ 5 ብር የተደረገውን የሚያስታውሱ አባቶች በንግዱ ውስጥ ዛሬም አሉ፤ እነርሱን መጠየቅ ነው። 20 ዶላር የሚገዛ ዕቃ 1,140 ብር የነበረው የፋብሪካው ዋጋ ሳይነቃነቅ 2,000 ብር ሆነ ማለት ነው፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይቆጠር። በሌላ በኩል ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አንድን ዕቃ ለክቶ ለመንደፍና ናሙና ለማውጣት 30,000 ብር ከፈሉ እንበል። 30 ዕቃ ብቻ ከሸጡ በእያንዳንዱ ላይ 1,000 ብር ያርፍበታል፤ አያዋጣም። 600 ከሸጡ 50 ብር ይሆናል። ንድፍ ብዙ ለሚሸጥ ሰው እንጂ ለአንድ ደንበኛ የሚሠራ ዕቃ አይደለም።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። ጥሩ ብረትም በዶላር ነው የሚገባው፤ ስለዚህ አገር ውስጥ ተሠራ ማለት የውጭ ምንዛሪው ሁሉ ተረፈ ማለት አይደለም። የሚተርፈው የሥራው፣ የማጓጓዣውና የአትራፊው ድርሻ ነው።

ስለዚህ በምን እንጀምር? በፒስተን አይደለም፤ በኮሎም አይደለም። እነዚህ ልዩ ብረት፣ ሙቀት ማከሚያና ውድ መፍጫ ማሽን ይፈልጋሉ። ሞኝ ገንዘቡን እዚያ ያፈሳል። መጀመሪያ የሚያዋጣው ፑሌጃ፣ የሞተር መቀመጫ፣ የውኃ ፓምፕ ሽፋን፣ የኩሽኔታ ቤት፣ የወፍጮ ዘንግ፣ ከላሜራ የሚቆረጥ መከለያና የመሳሰለው ነው። ቶርኖና ፍሬዛ ያለው ማንኛውም ቤት ይሠራቸዋል። ጓርኒሲዮንም ቢሆን ንድፉ በኮምፒዩተር ካለ በማሽን መቁረጥ ቀላል ነው።

የፒስተኑና የኮሎው ንድፍ ታዲያ ዋጋ የለውም ወይ? አለው፤ እንዲያውም ለትልቁ አስመጪ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። መግዛቱ ካልቀረ ናሙና ሳይሆን ንድፍ ይዞ መሄድ ይቻላል። ንድፉን ለሦስት ፋብሪካ በኢሜይል ልኮ ዋጋ ማወዳደር ይቻላል። ኮንቴይነሩ ሲደርስ ዕቃው ከተጻፈው መጠን ወጣ ካለ በወረቀት መከራከር ይቻላል። ናሙና ግን መቶኛ ሚሊሜትሩን አይናገርም፤ «ይመስላል» ከተባለ አለቀ። የሚያስፈልገው ተማሪው ከመጽሐፍ ሳይሆን ካልተነካ አዲስ ዕቃ እንዲለካ ማድረግ ነው። አዲስ ዕቃ ደግሞ የሶማሌ ተራ መደርደሪያ ሞልቷል።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በመደረጉ «የሞተር ነገር አበቃለት» የሚሉ ደላሎች እሰማለሁ። አላበቃለትም። አዲስ ካልገባ ያለው ይታደሳል፤ ያለው ሲታደስ መለዋወጫ ይፈልጋል። አይሱዙው፣ ባጃጁና የገጠር ወፍጮው ነገ ጠዋት አይጠፉም።

ሕጉን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለ። እዚህ አገር በአዋጅ ቁጥር 123/1987 የፈጠራ ወይም የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ጥበቃ ያልተሰጠውን ዕቃ ለክቶ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ በላዩ ላይ የቶዮታን ወይም የአይሱዙን ስም ማተም ግን ሌላ ነገር ነው። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ። በራስ ስም መሸጥ ይሻላል። ሶፍትዌሩም ቢሆን እንደዚያው ነው፤ ለተማሪ የሚሰጠው ፈቃድ ለንግድ ሥራ አይሆንም። ፍሪካድ የሚባለው ግን ከነስሙ ነፃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የ1.0 ቅጂው ወጥቷል፤ ለፑሌጃና ለኩሽኔታ ቤት ከበቂ በላይ ነው።

በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የሚነግዱ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ ያስጠረጉት መንግሥት እስኪያስታውሳቸው መጠበቅ ስላልፈለጉ ነበር። ለንድፍ የሚያስፈልገው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። አምስት ሱቆች እቁብ ገብተው በየወሩ አንድ ዕቃ ቢያስነድፉ በዓመት 12 ንድፍ ይኖራቸዋል። ለመስቀል ወደ ወልቂጤና ቡታጅራ የሚወርደው መኪና መቼም ባዶውን አይሄድም፤ ከሰንጋው መግዣ ጋር ሁለት ሦስት መለዋወጫ ጭኖ ቢወርድ ምን ይከብደዋል? ደላላም ቢሆን ለቤትና ለመኪና ብቻ አልተፈጠረም። ትዕዛዙን ከሱቅ፣ ነዳፊውን ከግቢ፣ ባለቶርኖውን ከሰፈር አገናኝቶ ኮሚሽኑን ቢቀበል ሐላል ገንዘብ ነው።

ለሚያዙ ሰዎች የመጨረሻ ማሳሰቢያ አለኝ። ክፍያውን ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹን ንድፉ ሲደርስ፣ ግማሹን የመጀመሪያው ዕቃ ከቶርኖ ወጥቶ ሲገጥም። ፋይሉን ስትረከቡ ተማሪው በሠራበት ፕሮግራም ቅርጽ ብቻ አትቀበሉ፤ ልጁ ተመርቆ ሲሄድ የሚከፍተው ታጣላችሁ። ስቴፕ በሚባለው፣ የትኛውም ፋብሪካ በሚያነበው ቅርጽም ይጨመርበት፤ ለጠፍጣፋው ደግሞ ዲ.ኤክስ.ኤፍ. ይሁን። መጠኑና የተፈቀደው ልዩነት የተጻፈበት፣ ነዳፊው የፈረመበት የታተመ ወረቀትም በእጃችሁ ይግባ። ንድፉ የማን እንደሆነ፣ ልጁ ለሌላ ሱቅ መሸጥ ይችል እንደሆነና እንዳልሆነ በአንድ ገጽ ውል ተፈራረሙ።